ዘጠኝ ሞት በዋጃ

ባለፈው ጥቅምት ዋጃ በሰነበትኩባቸው አምስት ቀናት ውስጥ፣ በራሴ ቆጠራ አራት መቶ ጊዜ ያህል ሞቻለሁ። በእህቴ ልጅ ቆጠራ ከዚያ ይበልጣል፤ እሱ ግን በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ስለሆነ አልተከራከርኩትም። ገደል ገብቼ ሞቻለሁ። እሾህ ላይ አርፌ ሞቻለሁ። በርገር ነክቶኝም ሞቻለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በርገር በልቶ የታመመ ሰው አውቃለሁ፤ ነክቶት የሞተ ግን የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

የሄድኩት ለመሞት አልነበረም፤ ማሽላ ልጠብቅ ነበር። ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚኒባስ የተጓዘ ሰው ዋጃን ያውቃታል። ሜዳው ማለቂያ ያጣ ሲመስል፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ጠግቦ እንደተኛ በሬ ተጋድሞ ሲታይ፣ ግራና ቀኙ ማሽላ፣ ማሽላ፣ አሁንም ማሽላ ሲሆን፣ ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። እዚያ ናት። በጥቅምት ማሽላው ወተት ይይዛል፤ ወተት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል፤ ግሪሳ ሲመጣ ከቤተሰቡ እጅ ያለው ሁሉ ማማ ላይ ይወጣል። የአገራችን ማሽላ ቁመቱ ሰውን እጥፍ ስለሚሆን፣ መሬት ቆሞ ወፍ ማባረር ጣሪያ ሥር ሆኖ ጨረቃ እንደመፈለግ ነው። ስለዚህ እንጨት ተተክሎ ከላይ ርብራብ ይደረግበታል፤ ወንጭፍና ድንጋይ ይዞ መውጣት ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ከክፍል ይልቅ ማማ ላይ የዋልኩበት ቀን ይበልጣል፤ ከግሪሳው ይልቅ ደግሞ ጥንቅሽ የጨረስኩት እኔ ነኝ። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ የሄድኩት ያንን የልጅነት ጥበብ ላሳያቸው ብዬ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የወነጨፍኩት ድንጋይ ወደፊት መሄዱን ትቶ ወደኋላ ተመለሰና የጎረቤት ፍየል አስበረገገ። የእህቴ ባል ጨዋ ሰው ነው። ፍየሏን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ «አያ፣ አንተ እንግዳ ነህ፤ ቤት ዕረፍ» አለኝ። ሰው ከማማ በክብር የሚሻረው እንዲህ ነው።

ቤት ስገባ የእህቴ ልጅ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የያዛት ስልክ እኔ «ለትምህርቱ ትሆነዋለች» ብዬ የላክኋት አሮጌ ቴክኖ ናት፤ ስክሪኗ በግራ በኩል ተሰነጣጥቋል፣ ጀርባዋ በላስቲክ ታስሯል። ትምህርቱ የት እንደደረሰ ልጠይቅ ጎንበስ ስል፣ አንድ ቀይ፣ ድቡልቡል፣ አናቱ ላይ ቅጠል የበቀለበት ነገር ሲዘል አየሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዳዲሽ ነው።»

«ምን ይሠራል?»

«ልጆቹ ጠፍተውበት እየፈለገ ነው።»

አባት ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተቀመጥኩ።

ዳዲሽ ቶማስ ያንግ የሠራው፣ በአውሮፓውያኑ 2020 የወጣ የስልክ ጌም ነው። ጀግናው ፍጅል ነው፤ ቀይ ሥርን የሚመስል፣ ከእሱ የሚያንስ ሥራሥር። አንድ ቀን ከእንቅልፉ ሲነቃ ልጆቹ የሉም። አርባ ገደማ ሌቭል እየዘለለ ይፈልጋቸዋል፤ በየሌቭሉ መጨረሻ አንዱን ያገኛል፤ ያገኘው ልጅ ደግሞ አንገቱ ላይ እንደመጠምጠም አንድ የነገር ቃል ጣል ያደርግበታል። (ሠሪው ልጆችን በደንብ ያውቃል።) ጠላቶቹ በርገርና የመሳሰሉት ፈጣን ምግቦች ናቸው። ሥዕሉ ሆን ተብሎ ያረጀ ነው፤ እንደ ጥንቱ ቲቪ ጌም አራት ማዕዘን ነጠብጣቦች እየተሰፉ የተሠራ፣ የትራስ ልብስ ጥልፍ ይመስላል። ሕጉ አጭር ነው። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ዝለል። ጠላት ከነካህ አለቀልህ።

ሦስት ነገር ለማድረግ ዲግሪ አያሻም ብዬ «እስቲ አምጣው» አልኩት።

ገደል ገባሁ። እንደገና ጀመርኩ፤ ገባሁ። ሦስተኛው ላይ ገደሉን ተሻገርኩና በደስታ ወደ ልጁ ዞር ስል እሾህ ላይ አረፍኩ። የእህቴ ልጅ እንደ መንጃ ፈቃድ ፈታኝ እጁን አጣምሮ «አትቸኩል፤ መጀመሪያ እየው» ይለኛል። ላየው እንዴት እችላለሁ? የራሴ አውራ ጣት የስክሪኑን ሩብ ሸፍኖታል። የድሮው ቲቪ ጌም ቁልፍ ነበረው፤ ጣትህ ቁልፉን በዳሰሳ ያገኘዋል፣ ዓይንህ ቴሌቪዥኑ ላይ ይቀራል። ታች ስልክ ላይ ግን መስተዋት ነው የምትዳስሰው፤ ቀኙ የት እንዳለቀ፣ ዝላዩ የት እንደጀመረ አይታወቅም። በዚያ ላይ የዋጃ ሙቀት አለ። ጣቴ በላብ ሲንሸራተት ጋቢዬ ላይ እየጠረግኩ ነው የምጫወተው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስንጥቁ ነው። የግራ ቀስቷ ያለችው ልክ እዚያ ላይ ስለሆነ አንዳንዴ ትሰማለች፣ አብዛኛውን ጊዜ አትሰማም። ስለዚህ ዋጃ ያለው ዳዲሽ ወደኋላ የማይል፣ ቆርጦ የተነሣ አባት ነው። ሌላ አገር ያለው ምናልባት ያመነታ ይሆናል።

እናቴ ከወዲያ ቡና እየቆላች ነው። ዳዲሽ በሞተ ቁጥር ስልኳ አጭር ድምፅ ታሰማለች።

«ምን ሆነ?» አለች።

«ሞተ።»

«ነፍስ ይማር» አለች፣ ዓይኗን ከምጣዱ ሳትነቅል።

ለቡናው የተጠራች ሙስሊም ጎረቤታችን ገብታ ስትቀመጥ ያቺው ድምፅ ተሰማች። እናቴ «ሞተ» ብላ ተረጎመችላት። ሴትዮዋ ደንግጣ «አላህ ይርሐመው! የማን ልጅ ነው?» አለች። የማንም ልጅ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም እሱ ራሱ የልጆች አባት እንደሆነ፣ ልጆቹ ጠፍተውበት መንገድ ላይ እንዳለ ለማስረዳት ሞከርኩ። ባሰ። «ወይኔ! ልጆቹስ ከማን ጋር ናቸው?» ወሎ ነውና ሰውየው በሁለቱም ሃይማኖት ሥርዓት ተሸኘ። በአቦል ዐሥራ ሁለት ጊዜ፣ በቶና ሃያ ጊዜ ሞትኩ። በረካ ላይ እናቴ ነፍስ ይማሩን አቆመች። «እንዲህ የሚያዘወትረው ከሆነማ ልማዱ ነው» አለች።

ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት አንዱን ግባ በሉት ያለው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ያ ሰውዬ ጌም አያውቅም እንጂ ዘጠኙንም «ግቡ» ብሎ ወንበር ያቀርብላቸው ነበር። እዚህ ሞት ማለት ዓይን እንደመጨፈን ነው፤ ስትገልጠው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመሃል፣ ቅጠልህ አናትህ ላይ ነው፣ ዕዳ የለብህም።

ክርክሩ የተነሣው ግን በሞቱ አይደለም፤ በዝላዩ ነው። ዳዲሽ አንዴ ዘሎ አየር ላይ ሳለ እንደገና መዝለል ይችላል። እናቴ ይህን ስታይ ስኒውን አስቀመጠች።

«ሁለተኛውን ምን ረግጦ ነው የሚዘለው?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም? የሚረገጥ ነገር ሳይኖር ዝላይ አለ እንዴ?»

የፊዚክስ መምህሬ በዚያ ሰዓት ቢመጣ ከእናቴ ጎን ይቆም ነበር። እኔ «ነፋስ ረግጦ» አልኩ፤ ሳስበው መልስ አልነበረም። ጎረቤታችን ናት የገላገለችኝ። «ተይው እባክሽ» አለች። «ልጁ የጠፋበት ሰው ነፋስም ይረግጣል።» እናቴ ትንሽ ቆይታ «እንደሱ ከሆነ እሺ» አለች፣ ስኒዋንም አነሣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዳዲሽ ሁለተኛ ዝላይ በቤታችን ሕጋዊ ነው።

እናቴ እንዲያውም ጨዋታውን ከሁላችንም ቀድማ ነው የለየችው። «ይሄ ሰኞ ማክሰኞ ነው» አለች። መሬት ላይ የተሠመረው ቤት፣ አንድ እግር፣ መስመር የረገጠ ወጣ፣ ተራው የሌላ ነው። እውነቷን ነው። ልዩነቱ ሰኞ ማክሰኞ ላይ መስመር ስትረግጥ አራት ሴት ልጆች በአንድ አፍ «ረግጠሃል!» ብለው የሚጮኹብህ ሲሆን፣ እዚህ ግን ዝም ብለህ ትሞታለህ። የትኛው እንደሚሻል በልጅነቱ ሁለቱንም የቀመሰ ያውቃል።

እኔ ዝላይ ያለበትን ጌም መጀመሪያ ያየሁት ደሴ ነው፤ ክረምት ዘመድ ጥየቃ ሄጄ። አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ ሃያ ልጅ በአንድ ቴሌቪዥን ላይ ተደፍቷል። ማሪዮ ነበር። ማሪዮ ሲጀምር ሦስት ነፍስ ይሰጥሃል፤ ባለቤቱ ግን ሦስቱን ለሦስት ልጅ ይሸጣቸው ነበር። አንድ ላይፍ ሃያ አምስት ሳንቲም። ነፍስ በችርቻሮ የተሸጠችበት ዘመን ነው። እኔ የገዛኋት የመጀመሪያዋ ነፍሴ አራት ሰከንድ ኖረች፤ ከፊት ለፊቴ እየተንፏቀቀች የመጣችውን ቡናማ እንጉዳይ መሰል ፍጥረት ሰላም ልላት ጠጋ ስል ገደለችኝ። ሃያ አምስት ሳንቲሜን ስትበላኝ ሃያው ልጅ ሳቀ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ዳዲሽን አልለቅም ያሰኘኝም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በኋላ ሳነብ ነው ያ ሁሉ ጣጣ ከምን እንደመጣ የገባኝ። ጃፓናዊው ሺጌሩ ሚያሞቶ በ1981 ለኒንቴንዶ ዶንኪ ኮንግን ሲሠራ ጀግናው ማሪዮ ገና ይህ ስም አልወጣለትም፤ «ጃምፕማን» ይሉት ነበር፣ ዘላዩ ሰውዬ እንደማለት። በ1985 ሚያሞቶና ታካሺ ቴዙካ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስን ይዘው ሲመጡ፣ ጌሙ በሙሉ፣ ከነዘፈኑ፣ ከነገደሉ፣ ከነሠላሳ ሁለት ሌቭሉ፣ 40 ኪሎባይት ነበር። እህቴ በቴሌግራም የምትልክልኝ አንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ፎቶ ከዚያ ይበልጣል። ቦታ ከማነሱ የተነሣ ሰማዩ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ አንዱን ነጭ ቀቡት፣ ሌላውን አረንጓዴ። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ሰውን ለወራት እንድታቆይ ምን ይደረጋል? የባለሙያ ሴት ዘዴ ነው የተደረገው። ወጡ ትንሽ ሲሆን በርበሬውን አበርታው፤ እንጀራው ብዙ እንዲያስኬድ። ጌሙን የሚያረዝመው የእኛ ሞት ነበር። ከዚያም በፊት በሳንቲም የሚሠሩት ማሽኖች ተጫዋች ቶሎ ካልሞተ አያተርፉም ነበር፤ የደሴው ሰውዬ ይህን ማንም ሳያስተምረው አውቆታል።

ዛሬ ግን የወጡ ማነስ የለም፤ በዚያች በላስቲክ በታሰረች ቴክኖ ውስጥ ስንት ሺህ ማሪዮ ይገባል። በርበሬው ግን እንዳለ ነው። ሰዎች ፈልገውት ነው የሚሠሩት፣ ሰዎች ፈልገውት ነው የሚቃጠሉበት። ደግሞ እንደ ድሮው ጨካኞች አይደሉም፤ በስውር ይራራሉ። በ2018 የወጣ ሰለስት የሚባል የኮምፒውተር ጌም አለ፤ አንዲት ልጅ ተራራ የምትወጣበት ነው፣ የግራካሱን ዳገት በእግር እንደመውጣት ያለ። ሠሪዎቹ የልጅቷ እግር አፋፉን ከለቀቀ በኋላ እንኳ ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል መዝለል ይፈቅዱላታል። በሙያው ይህች ምሕረት ስም አላት፤ በካርቱን ፊልም ገደሉን አልፎ አየር ላይ የሚሮጠው፣ ወደታች እስኪያይ የማይወድቀው የኮዮቴ ጊዜ ይሏታል። ተጫዋቹ ግን አያውቅም፤ «ለጥቂት! ጎበዝ ነኝ!» ይላል። ሚኒባሱ ተንቀሳቅሶ ሳለ ረዳቱ በሩን ይዞ የጠበቀው ሰው በእግሩ ፍጥነት እንደሚኮራው ማለት ነው። ዳዲሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ምሕረት ይኑር አይኑር እኔ ልመሰክር አልችልም፤ አፋፉ ላይ በሰዓቱ ደርሼ አላውቅማ።

የእህቴ ልጅ ሌላም ጌም አለው። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሠራውን ኩኩሉን አሳየኝ፤ ከሚያሳድዳት ሰው የምትሸሽ ዶሮ ናት። እናቴ አየት አድርጋ «ለየትኛው በዓል ነው?» አለች። ዶሮዋ ስታመልጥ አልተደሰተችም።

ስለ ወፍም ካነሣን፣ ሃኖይ ውስጥ ዶንግ ንጉየን የሚባል ቬትናማዊ በአውሮፓውያኑ 2013 ፍላፒ በርድ የሚባል ጌም ሠርቶ ነበር። አንዲት ወፍ በቱቦዎች መካከል ማሳለፍ ነው፤ ሕፃን የሚጫወተው ይመስላል፣ አዋቂ ያለቅስበታል። በማስታወቂያ ብቻ በቀን 50 ሺህ ዶላር ገደማ እያስገባለት ሳለ፣ ሰዎች ሱስ ያዛቸው ብሎ የካቲት 2014 ከገበያ አነሣት። ይህን ለእህቴ ባል ነገርኩት፤ እራት ላይ፣ ከማማ ሲመለስ። ዶላሩ አልደነቀውም።

«ወፏን ራሱ ነው ያነሣት?»

«ራሱ።»

«በአንድ ቀን?»

«በአንድ ቀን።»

ረዥም ጊዜ ዝም አለ። «የኛን የሠራው ማን ይሆን» አለ በመጨረሻ።

አንድ ግሪሳ በቀን የሚበላው 10 ግራም ገደማ ነው፤ ለብቻው ሲመጣ ምስኪን ነው፣ ልታጎርሰው ያምርሃል። ብቻውን ግን አይመጣም። የእህቴ ባል እጁን ታጥቦ ስልኳን ተቀበለኝና እሱም ሞከረ። የገበሬ ጣት ለታች ስልክ አልተፈጠረም፤ ዝለል ሲለው አብሮ ግራንም ቀኝንም ይጫናል። ሁለት ጊዜ ሞተ። ሦስተኛው ላይ ስልኳን መለሰልኝ።

«እሱ ምን አለበት» አለ። «ወዲያው ያነሡታል። እኔን አንበጣው በእኛ 2013 የጣለኝ ጊዜ፣ እንደገና ጀምር እስኪሉኝ የጠበቅኩት እስከሚቀጥለው ክረምት ነው። ያውም ገደሉን ቦታ ቀይረውት ነው የሚያስጀምሩህ፤ ዘንድሮ አንበጣ፣ ሌላ ጊዜ አቀንጭራ፣ ሌላ ጊዜ ዝናቡ።»

ከቢሮ ሰው ይልቅ ጌም የገባው እሱ ነበር። በዳዲሽ ያናደደኝ ሁሉ፣ ስመረምረው፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ነው። እሾሁ ትናንት በነበረበት ነው፣ በርገሩም መንገዱን አልቀየረም፤ ቸኩዬ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሰው እንዲህ ያለ ታማኝ ጠላት የት ያገኛል? ቢሮዬ ውስጥ ያሉት እሾሆች በየሰኞው ቦታ ይለዋወጣሉ፣ አንዳንዶቹም ሰላም ይሉኛል።

ስለዚህ ሌሊቱን ቀጠልኩ። መብራት የለም፤ ስልኳ ራሷ ፊቴን ታበራለች። እህቴ በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ ስልክ ለእነሱ ባትሪና ጌም ብቻ እንደነበረች አጫወተችኝ። ማንም የማይደውልባት፣ የትም የማይደወልባት ስልክ ቻርጅ የሚደረገው ልጁ እንዳያለቅስ ነበር። ይህን ስትነግረኝ ስልኳን አስቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ መልሼ አነሣኋት፤ ለምን እንደሆነ ባላውቅም እህቴ ሳቀች።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከሌቭሎቹ ሁሉ ያሠቃየኝ ደረሰ። ቁጥሩን አልናገርም፤ የእህቴ ልጅ «እሱ እኮ ቀላሉ ነው» ብሏል። ሦስት የሚንቀሳቀሱ መቆሚያዎች፣ ከሥራቸው እሾህ፣ ከወዲያ ማዶ ደግሞ ያች ትንሽ ቀይ ልጅ ቆማለች፤ ትታየኛለች። የእህቴ ልጅ፣ እናቴና ጎረቤታችን ከኋላዬ ቆመዋል። የመጀመሪያውን መቆሚያ ያዝኩ። ሁለተኛውን ያዝኩ። «አትቸኩል» አለ ልጁ። ሦስተኛውን ያዝኩ። ዘለልኩ፤ አየር ላይ ነፋሱን ረገጥኩ፤ ጎረቤታችን «ያ ረሱለላህ!» አለች፤ እናቴ አማተበች፤ እና ስልኳ ጮኸች።

ስልክ መሆኗን ረስተን ነበር። የእህቴ ባል ከማማ ላይ ነው። «ግሪሳው ወርዷል! ሰው የተባለ ሁሉ ይምጣ!»

ዳዲሽ የደረሰበትን ማንም አላየም። ሮጥን። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ግሪሳው ማሽላው ላይ እንደ ጭስ ተጠቅልሎ ይወርዳል፣ ይነሣል። እኔን ባለችው ትርፍ ማማ ላይ አወጡኝ፤ ሹመቴ የተመለሰው በሰው እጥረት ነው። የእህቴ ልጅ ድንጋይ እያቀበለኝ ከጎኔ ቆመ። ወነጨፍኩ፤ ድንጋዩ በቸርነቱ ወደፊት ሄደ። መንጋው እንደ ተራገፈ ጋቢ ተነሥቶ የጎረቤት ማሳ ላይ አረፈ። ከዚያኛው ማማ ደግሞ ወንጭፍ ጮኸ፤ ተመልሶ መጣ።

«አጎቴ፣ ዝም ብለህ አትወርውር» አለኝ ልጁ። «ቆጥረህ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው ላይ ይመጣሉ።»

ቆጠርኩ። ልክ ነው። እናቴ ከማሳው ዳር፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ጣሳ እየደበደበች ወደ ላይ ታየኛለች።

«ሞተ?» አለችኝ።

«ማን?» ልላት አፌን ስከፍት ሦስተኛው ደረሰ።